የመቶ አሥራ አራተኛው ፎቶ ጀርባ

ሳጥኑ ሲከፈት መቶ አሥራ ሦስትና መቶ አሥራ አምስት ቁጥር ተቃቅፈው ተኝተዋል። በመሃላቸው መኖር የነበረበት ፎቶ የለም። አሥራ ስምንት ጎልማሳ ተማሪዎችና አንዲት የታሪክ መምህርት ሳጥኑን ከበው ቆመው ነበር አሉ። ከዚያ አንዱ ተማሪ «ጉድ ፈላ!» አለ፤ ፖሊስ ተጠራ።

የተጠራው ፖሊስ እኔ ነኝ። አለቃዬ ጉዳዩን የሰጠኝ ወዶኝ እንዳይመስላችሁ። ጣቢያችን ውስጥ ስሜ «ሕልመኛው» ነው። ስብሰባ ላይ ዓይኔ ይከደናል፤ ሰው ሲያወራኝ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን ሮጬ ሌባ ይዤ አላውቅም። «የሞተ የለ፣ የቆሰለ የለ። የጠፋው አንድ ፎቶ ነው። ሄደህ እዚያው ተኛበት» አለኝ አለቃዬ።

ቤተ መዛግብቱ ወንዝ ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ከውሃው ተነስቶ መንገዱን ይሞላዋል፤ ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ እየታየ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጠዋት እወዳለሁ። ምንም ነገር ገና ያልተጀመረ ይመስለኛል።

በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመኝ። ሃምሳን ያለፈ፣ ዩኒፎርሙን በደንብ የተኮሰ፣ ዝም ያለ ሰው ነው።

«ቦርሳ እዚህ ይቀመጣል። እስክሪብቶም አይገባም።»

«ፖሊስ ነኝ።»

«ፖሊስም ቢሆን እዚህ የሚጽፈው በእርሳስ ነው» አለና አንድ እርሳስ ሰጠኝ። «ሲወጡም ወረቀትዎን አያለሁ። የሁሉንም ነው የማየው።»

«ዛሬ ጠዋትስ አይተሃል?»

«እኔ ሳላየው ከዚህ በር የወጣ ወረቀት ካለ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

የንባብ ክፍሉ ሰፊ ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ወንዙን የሚያዩ መስኮቶች፣ ጥግ ላይ አንድ ኮምፒውተር። ኃላፊዋ፣ ንዴቷን መደበቅ የማትችል ሴት፣ የፎቶውን ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችልኝ።

«የድሮው የጀልባ ጣቢያ ስብስብ ነው። ሦስት መቶ ፎቶ። ከሁለት ዓመት በፊት ሁሉንም ድረ ገጻችን ላይ አወጣነው፤ የትም ያለ መምህር ከፍቶ ያስተምርበታል። ዋናዎቹ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ማለቴ፣ ነበሩ።»

ፎቶው ጭጋግ ነው። ከጭጋጉ ግማሽ ድረስ የወጣች ጀልባ ትታያለች። ተሳፋሪዎቹ ተደርድረው ወደ እኛ ያያሉ፤ አንዲት ሴት ልጇን ከፍ አድርጋ ይዛለች፣ ልጁ ስለተንቀሳቀሰ ፊቱ ጠፍቷል። ከኋላ ኮፍያ ያደረገ ሰው መሪውን ይዞ ቆሟል። እሱ ካሜራውን አያይም። ውሃውን ነው የሚያየው።

ታሪኩን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጀልባዋ በዚያው ጠዋት ሰጠመች፤ አርባ አንድ ሰው ከነነጂው አለቀ። ነጂው ነፋስ አለ፣ አትውጣ እየተባለ፣ በጥጋቡ ወጣ። እንዲህ ነው የተማርነው። ታሪኩን የያዘችውን ትንሽ ሰማያዊ መጽሐፍ በልጅነቱ ያላነበበ የለም። የጻፏት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል።

«ቅጂው ይኸው አለ» አልኩ። «ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ጀርባው» አለች መምህርቷ።

እስከዚያ ድረስ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ቀጠን ያለች፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት፤ ጣቶቿን እያፍተለተለች ነበር የምትናገረው። ከፎቶው ሥር ያለውን ሠንጠረዥ አየሁት። ቁጥር፣ ርዕስ፣ መጠን፤ የመጨረሻው ረድፍ «ጀርባ፦ ባዶ» ይላል።

«ባዶ ነው ይላል እኮ።»

«ይላል» አለች።

ኃላፊዋ ጣልቃ ገባች። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሳጥን የፈረመ ሰው ለሳጥኑ ኃላፊ ነው። መምህርቷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፈርማ ተቀብላለች፤ ተማሪዎቿ ሦስት ሰዓት ላይ ሲገቡ ፎቶው የለም።

«በመሃሉ ከሳጥኑ ርቀው ነበር?» አልኳት።

«አልራቅሁም።»

«አጠገብዎ የመጣ ሰውስ?»

«ማንም።»

መልሷ ፈጠነብኝ። ራሷን ገደል የሚከት መልስ በዚህ ፍጥነት የሚሰጥ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ኃላፊዋ ለትምህርት ቢሮው ደብዳቤ ጽፋለች፤ ዓርብ ስድስት ሰዓት ኮሚቴው ይሰበሰባል። ፎቶው እስከዚያ ካልተገኘ መምህርቷ ከማስተማር ትታገዳለች።

«ሌላ ሥራ አላውቅም» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ። «የምችለው ይህንን ብቻ ነው።»

ጥግ ላይ ካለው ኮምፒውተር አጠገብ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ጋሼ ነበሩ። በሕይወት መኖራቸውን እንኳ አላውቅም ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልበልህ። ይህች ልጅ አትሰርቅም። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እጄ ላይ ነው ያደገችው።»

«እርስዎ ጠዋት እዚህ ነበሩ?»

«እኔ የሌለሁበት ቀን አለ እንዴ? ኮምፒውተሩ ላይ የጣቢያውን ሹም ደብዳቤዎች ሳነብ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ። ምንም አላየሁም።»

መምህርቷ ወለሉን አየች።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄድኩ። ከመምህርቷ ተማሪዎች አንዷ ናት፤ ትምህርቷን በአሥራ አራት ዓመቷ አቋርጣ በአርባ ሦስት የተመለሰች። ፎቶውን ለማየት ክፍሉ በሙሉ የሄደው በእሷ የተነሳ ነው ብለውኛል። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ያልተጨረሱ ኮቶች ከጣሪያው ተንጠልጥለው ቀስ እያሉ ይዞራሉ። መሃላቸው ስቆም ስብሰባ የገባሁ መሰለኝና ዓይኔ ከበደኝ።

«ተቀመጥ ወንድሜ፣ እንዳትወድቅብኝ» አለች።

«ፎቶውን እንዴት አገኘሽው፣ እህቴ?»

«መጀመሪያማ መቼ አገኘሁት! መምህርታችን እያንዳንዳችሁ ስለ ወንዙ አንድ የዚያን ዘመን ሰነድ ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ አምጡ አለች። የሆነ ሰው በኋላ ያወራው አይደለም፤ የዚያኑ ጊዜ የሆነ። እኔ ‹ጀልባ› ብዬ ጻፍኩ፤ ምንም የለ። ተናድጄ ልዘጋው ስል ‹በራሳችሁ አፍ አትፈልጉ፤ በዚያን ጊዜ ሰው አፍ ፈልጉ› አለች። እናቴ ጀልባዋን ‹መሻገሪያ› ነበር የምትላት። መሻገሪያ ብዬ ብጽፍ፣ ሦስት መቶ ፎቶ ግልብጥ ብሎ አይመጣ መሰለህ!»

«ከሦስት መቶው ይህንን ለምን መረጥሽ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ጉልበቷ ላይ የነበረውን ኮት ገልብጣ ውስጡን አሳየችኝ።

«እኔ ልብስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ገልብጬ ነው የማየው። ከላይ ሁሉም ያምራል፤ የሰፊው አመል ያለው ከውስጥ ነው። መምህርታችንም ስለ ሰነድ እንደዚሁ ነው የምትለው። ፎቶውን አሳድጌ አሳድጌ ሰማዩን ሳየው፣ ጭጋጉ ላይ ሰንበር አየሁ። ከጀርባ ተጭነህ የጻፍከው ወደፊት ሲወጣ ታውቅ የለ? እንደዚያ።»

ስልኳን ከፍታ ወደ መለኪያው መስታወት አዞረችው። መስታወቱ ውስጥ ግልብጡ ተቃና። ከጭጋጉ ውስጥ መስመሮች ታዩ፤ ብዙ መስመሮች፣ አብዛኛው የማይነበብ። አንድ ቃል ብቻ ጸሐፊው አጥብቆ ተጭኖታል። «እምቢ» ይላል።

ለብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት። ከአርባ አራት ዓመት በፊት አንድ ሰው እምቢ ያለውን እኔ አሁን በአንዲት ልብስ ሰፊ መስታወት ውስጥ ሳነበው ልቤ ፈራ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለመምህርቴ ነዋ፣ ሰኞ በስልክ። ደስታዋን አትጠይቀኝ! ነገ ሁላችንም ሄደን ራሳችን እንገለብጠዋለን አለች። ከዚያ ‹ቆይ፣ ይህንን መስማት ያለበት ሰው አለ› ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።»

መምህርቷን ጠየቅኋት። ለማንም አልደወልኩም አለች። የስልኳን የጥሪ ዝርዝር ከስልክ ድርጅቱ ጠየቅኩ፤ ሰኞ ይደርስሃል አሉኝ። ሰኞ የሚመጣው ከዓርብ በኋላ ነው።

ፎቶዎቹን ስካን ያደረገው ሠራተኛ ቢሮው ምድር ቤት ነው። ጉንጩ አብጦ፣ በእጁ ደግፎት ተቀምጧል። «ጀርባ፦ ባዶ» የሚለውን ማን ጻፈው ስለው እጁ ከጉንጩ ወረደ።

«እኔ ነኝ።»

«ሦስት መቶውን ገልብጠህ አየህ?»

ወደ ስካን ማሽኑ ዞረ። ማሽኑ ብቻ እያንጎራጎረ አረንጓዴ ብርሃኑን ከዳር እስከ ዳር ያመላልሳል።

«እውነቱን ልንገርዎት። ሰነድ በመጣ ቁጥር የሚሞላ ሠንጠረዥ አለ። አሥሩን ገለበጥኩ፤ አሥሩም ባዶ ናቸው። ዘጠኝ ቀን ነበር የተሰጠኝ። ‹ባዶ› የሚለውን ያዝኩና በማውሱ እስከ መጨረሻው ወደታች ሳብኩት።»

«ሦስት መቶውንም?»

«አንድ ጊዜ ከተሳበ ራሱ ይሞላል።»

እኔ ራሴ የቀበሌ ቅጽ ላይ «የለም» የሚለውን ሳላነብ ስንት ጊዜ ሞልቻለሁ! ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፤ ጥፋቱን ለመደበቅ ፎቶውን የሚያጠፋ ሰው ይህ ነው አልኩ። «ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

አፉን ከፍቶ አሳየኝ። መንጋጋው ላይ ጥጥ ተወትፏል። «ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት። ሲነቅልልኝ የጮኽኩትን መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል።»

ሐኪሙን ጠየቅኩ። እውነት ነው፤ መንገደኛውም ሰምቷል።

ሐሙስ ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ከጥበቃው ጎን ተቀመጥኩ። ማታ የሠራተኞችን ማኅደር ሳገላብጥ አንድ ነገር አይቻለሁ፤ የአባቱን ስም። የጀልባ ነጂው ልጅ ነው።

«ያቺ ፎቶ የአባትህ ናት» አልኩት።

«የአባቴ ናት።»

«አባትህን ከተማው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ብሎ የሚያይበት ፎቶ። ቢጠፋ የማይጠላ ልጅ የለም።»

አልተቆጣም። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ኢንስፔክተር፣ ያ ትምህርት የተሰጠ ቀን እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሦስተኛ ረድፍ። ጋሼ ከአዲሷ መጽሐፋቸው ቆመው አነበቡልን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲጨርሱ ልጁ እዚህ እንዳለ አላሰብኩም ብለው አባብለውኛል። ግን ተነብቧል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ‹የአስማጩ ልጅ› ሆነ። እናቴ ገበያ መውጣት ተወች።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የአባቴ ሌላ ፎቶ የለኝም። እንደወጣ ቀረ፤ ለመቅበርም አላገኘነውም። ኢንተርኔት ላይ ሲያወጡት ነው ፊቱን ዳግመኛ ያየሁት። በየቀኑ ምሳ ሰዓት እዚህ ተቀምጬ በስልኬ እከፍተዋለሁ። ምን ብዬ እሰርቀዋለሁ? እንዳይሰረቅ ነው በር የምጠብቀው።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲዋሽ ሰምቻለሁ፤ ይህ ውሸት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ዝምታ ያለው ሰው አጠገብ መቀመጥ ራሱ ያሳርፋል።

«መምህርቷ ማክሰኞ ከክፍሉ አልወጣሁም ትላለች» አልኩ በመጨረሻ።

«ወጥታለች እንጂ። ተማሪዎቿን ልትቀበል እዚህ በር ድረስ መጥታለች። ሩብ ሰዓት ያህል ከእኔ ጋር ነበረች።»

«ያኔ ውስጥ ማን ነበር?»

«ማንም። ...ጋሼ ነበሩ እንጂ፤ እሳቸው መቼም ሁልጊዜ አሉ።» ትንሽ አሰበና ቀጠለ። «ምን እንደነካቸው እንጃ። ከኮሚቴው ወሬ ወዲህ ሦስት ጊዜ እዚህ በር ድረስ መጥተው ተመለሱ። መነጽሬን ረሳሁ ይሉኛል። መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነው።»

ከሰዓት በኋላ መምህርቷን የንባብ ክፍሉ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጥኳትና «አስተምሩኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ለተማሪዎችዎ የሚሉትን። ስብስብ እንዴት እንደሚፈለግ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። ድምጿ ራሱ ተለወጠ። አንድ ስብስብ ስናገኝ ማን እንደሰበሰበው፣ ለምን እንደሰበሰበው መጠየቅ አለብን አለች። ደብዳቤ ከሆነ ማን ለማን ጻፈው፤ የጻፈው ሰው ምን እንዳይነካበት ይፈራ ነበር። የጣቢያውን ሹም ደብዳቤዎች ከፍታ አሳየችኝ፤ ነፋስ፣ እብሪተኛ ነጂ፣ የታሰበበት ክልከላ። አንብባ ስትጨርስ ድምጿ ቀዝቅዞ ነበር።

«ከሁሉም በላይ ግን ይህንን ጠይቁ እላቸዋለሁ፤ እዚህ ውስጥ ያልገባው ምንድን ነው? ስክሪን ላይ የሌለ ነገር በዓለም ላይ የሌለ ይመስላችኋል። ሞኝ አትሁኑ እላቸዋለሁ።»

«ይህንን ማን አስተማረዎት?»

ደብዳቤዎቹን ዘጋች። ተነስታ ወጣች።

የከሰዓት ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። እኔም ክንዴ ላይ ጋደም አልኩ። ተሳፋሪዎቹ ከጀልባዋ እየወረዱ ወደ ንባብ ክፍሉ ሲገቡ አየሁ። ልብሳቸው እርጥብ ነው፣ ወለሉ ላይ ግን ጠብታ የለም። በሹክሹክታ ቦታ ይፈልጋሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ሳጥን ከፍቶ ይገባና ክዳኑን ይዘጋል። በበሩ የወጣ የለም። ያቺ ሴት ልጇን ይዛ በአጠገቤ አለፈች፤ ልጁ አሁን ፊት አለው፣ ሳቀልኝ። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ብቻ ቆሞ ቀረ። «የእኔ የቱ ነው?» አለኝ።

ነቃሁ። አንገቴ ተጣሟል። ኃላፊዋ ከመደርደሪያው ጋ ቆማ በንቀት ታየኛለች።

«እመቤቴ» አልኳት፣ ምራቄን እየጠረግሁ፣ «ኢንተርኔት ላይ ያልወጣ ሳጥን አለ?»

«ሞልቶ! ከኋላ ያለው መደርደሪያ በሙሉ።»

«የሚጠይቀው አለ?»

«ማን ይጠይቀዋል? ከወጣው በቀር ያለ አይመስላቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራ ነው የሚጠጣው።»

ሰው ሳጥን ሲፈልግ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎ ሳጥን ለሚያቀርበው ሠራተኛ ይሰጣል፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የማክሰኞን አወጣሁ። ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ የመምህርቷ ነው። ሁለተኛው፣ ከእሷ ቀደም ብሎ፣ በሚያምር የድሮ አስተማሪ ጽሕፈት፣ «የጣቢያው የአየር ሁኔታ መዝገብ፣ ሳጥን ዘጠኝ» ይላል። ጠዋቱን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነበርኩ ያለ ሰው ጽሕፈት ነው።

ሳጥን ዘጠኝን ብቻዬን ከፈትኩ። አይቼ መልሼ ዘጋሁት። ያን ቀን እንደ ልማዴ ጣሪያ እያየሁ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ አላስደሰተኝም።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጠራኋቸው። ኃላፊዋ ስልኩ አጠገብ ቆመች። መምህርቷ የክፍሏን የስም ዝርዝርና ቁልፎቿን በፖስታ አድርጋ ይዛ መጥታለች፤ ልታስረክብ ነው። ጥበቃውን በሩን ቆልፈህ ግባ አልኩት። ጋሼ በከዘራቸው ተደግፈው ገቡና የተለመደ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ሳጥን ዘጠኝን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጋሼ ሳጥኑን፣ ከዚያ መምህርቷ እጅ ላይ ያለውን ፖስታ አዩ።

«ያ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ቁልፎቼ ናቸው፣ ጋሼ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አትክፈተው፣ ኢንስፔክተር። እኔ እከፍተዋለሁ» አሉ።

መዝገቡን አወጡና የሚፈልጉትን ገጽ ሳይፈልጉ ገለጡት። ፎቶው በዚያ ገጽ ውስጥ ተኝቷል። ጀልባዋ በሰጠመችበት ቀን ገጽ ላይ። መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች፤ የተገረመች ሰው አያያዝ አልነበረም።

«ያውቁ ነበር» አልኳት።

«ሰኞ የደወልኩት ለእሳቸው ነው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ማክሰኞ ከበር ስመለስ የሳጥኑ ክዳን ማሰሪያ በግራ እጅ የታሰረ ነበር፤ እሳቸው ግራኝ ናቸው።» እንባዋ ወረደ። «ሰነድ ገልብጠሽ እዪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ኢንስፔክተር። አባት አልነበረኝም። ምን ብዬ ልንገርዎት?»

ጋሼ ጣታቸውን መዝገቡ ላይ አሳረፉ።

«መጀመሪያ ይህንን ነው የጠየቅኩት። ነፋስ ይኖራል፣ ጽሑፉ ምንም ይበል ምን እኔ ትክክል ነኝ ብዬ። ‹ጭጋግ። ነፋስ የለም› ይላል። ከዚያ እሷ ወደ በሩ ስትሄድ ተነስቼ ፎቶውን ገለበጥኩት።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ያኔ ለመጽሐፏ አንድ ደብዳቤ ብቻ አገኘሁ፤ የሹሙን። ወጣት ነበርኩ፣ ደስ አለኝ፣ ጻፍኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰዉን ገልብጡ እያልኩ የራሴን አልገለበጥኩም።»

«ለምን አላጠፉትም?»

ቀና ብለው በቁጣ አዩኝ፤ ለአፍታ ያ የድሮ አስተማሪ ሆኑ። «ሰነድ ይጠፋል እንዴ? እኔ ከሞትኩ በኋላ ይገኝ ብዬ ነው። እስክሞት ብቻ። እሷ በእኔ ዕዳ ትባረራለች ብዬ አላሰብኩም። ስሰማ ልነግር መጣሁ፤ ሦስት ጊዜ። እግሬ በሩ ላይ ይከዳኛል።» ወደ ጥበቃው አላዩም። «በሩ ላይ እሱ አለ።»

ኃላፊዋ ሳትጠየቅ ስልኩን አነሳች። «ፎቶው ተገኝቷል። ከሕንፃውም አልወጣም። ደብዳቤዬን አንስቻለሁ፤ መምህርቷ ሰኞ ክፍሏ ትገባለች» አለች። ከዚያ ፖስታውን ከመምህርቷ እጅ ወስዳ ቁልፎቹን መዳፏ ላይ መለሰችላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ሴት ወደድኳት። እኔም በሪፖርቴ ላይ የሆነውን እንደሆነ ጻፍኩ፤ አለቃዬ አንብቦ «ተኝተህ አገኘኸው?» አለኝ፣ አዎ አልኩት።

ይህ ግን በኋላ ነው። ያኔ ሁላችንም ጥበቃውን ነበር የምናየው። መዳፉን ሱሪው ላይ ሁለት ጊዜ ጠርጎ ፎቶውን በጠርዙ አነሳው። የአባቱን ፊት በዋናው ላይ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። መስኮቱ ላይ የነበረው ጭጋግ እየሳሳ ነበር፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ይህ መሆን አለበት አልኩ በልቤ።

«ይገልብጡት» አለችው መምህርቷ ቀስ ብላ።

ገለበጠው። ከንፈሩ አንድ ሁለት ቃል ተከተለና ቆመ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞሮ ሄዶ ፎቶውን ሽማግሌው ፊት አኖረው።

«ጋሼ፣ ያኔም ያነበቡልኝ እርስዎ ነዎት። ይህንንም እርስዎ ያንብቡልኝ።»

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ይቅርታ...»

«ቆመው ነበር ያነበቡት» አለ ጥበቃው።

ጋሼ ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ተነሱ። እኔ ደግሞ ሳላስበው እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ጥበቃው ከሦስተኛው ጠረጴዛ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«‹ይህንን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ›» ብለው አነበቡ። «‹ጠዋቱን ጭጋጉ እጅን አያሳይም ነበር። ነጂው ሰው ይዤ በዚህ ውስጥ አልወጣም፣ እምቢ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሹሙ፣ ካልወጣህ ልጆችህን ይዘህ ከጣቢያው ቤት ትወጣለህ አለው። ነጂው ሦስት ጊዜ ለመነው። ከዚያ መሪውን ያዘ። የሚጠይቀኝ ሰው ካለ እመሰክራለሁ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።›»

ውጭ፣ ወንዙ ላይ፣ የሆነ ሞተር ተነስቶ ጠፋ።

«እንደገና» አለ ጥበቃው።

ጋሼ እንደገና አነበቡ። «እምቢ» የሚለው ቃል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ አቁመው ከመጀመሪያው ጀመሩት።

«እንደገና።»

በሦስተኛው ወረቀቱን አላዩም። እሱን እያዩ በቃላቸው አሉት፣ እስከ መጨረሻው።

ጥበቃው ኮፍያውን ከጉልበቱ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለአስተማሪው እንደሚመልስ ከወንበሩ ተነሳ።

«ገባኝ፣ ጋሼ» አለ።